የፋሲካ ምሳ፣ አስተናጋጇም ቁጭ ብላ የምትበላበት

የፋሲካ ምሳ ላይ ሁሉም ተቀምጦ ይበላል፣ አንዲት ሴት ግን ትቆማለች። የቆመችው ደግሞ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ መጥታ ቤተሰቡን ያስፈሰከች፣ ምናልባት ሁለት ሰዓት ብቻ የተኛች ናት። "ኧረ ነይ ብዪ" ሲሏት "እሺ፣ መጣሁ" ትላለች። አትመጣም። ጥብሱ ሊያርርባት ነው፣ እንጀራው አልቋል፣ አንዱ ልጅ ውሃ ጠይቋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው እሷ መጥታ እንድትቀመጥ ነው። አስተናጋጁ ወንድ ከሆነም ያው ነው፤ እየበዛችሁ ነው፣ በርቱ።

ዘዴው አንድ ነው። ሥራውን ከእሑድ ላይ አንሡና ወደ ኋላ በትኑት። ቀሪውን ደግሞ ለሰው አካፍሉት።

መጀመሪያ፣ ማን ይመጣል? በስንት ሰዓት?

እሑድ ምሳ ላይ የሚመጣ እንግዳ የራበው ሰው አይደለም። 55 ቀን ጾሟል፣ እሱ ልክ ነው። ግን የፈሰከው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው እንዳለቀ ነው። ጠዋት ደግሞ እናቱ ቤት ወይም ጎረቤት ቀምሷል። እናንተ ጋ ሲደርስ ምናልባት ሦስተኛ ዶሮው ነው። ስለዚህ ሰባት ዓይነት ወጥ ሠርታችሁ ብትደረድሩ የሚበላላችሁ የለም። ጥቂት ዓይነት፣ ግን የተዋጣለት። ይህን ካመናችሁ ግማሹ ድካም እዚሁ ቀረ።

ሰዓቱን 8 ሰዓት በሉት። 6 ሰዓት ካላችሁ እናንተም እንቅልፍ አታገኙም፣ እንግዳውም አይመጣም። 8 ያላችሁት 8 ተኩል ይሆናል፣ ያ ጥሩ ነው።

ቁጥሩን 10 ወይም 12 ላይ ብታቆሙት ሒሳቡ ራሱ ይገጥማል። ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል። ከዚያ ካለፈ ሁለተኛ ዶሮ ነው፣ ሁለተኛ ዶሮ ማለት ደግሞ ሌላ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ማለት ነው። "የቀሩት ቅር ይላቸዋል" ካላችሁ ዳግማ ትንሣኤ ሳምንቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ያኔ ጥሯቸው። አንድ እሑድ ላይ ዘመድ ሁሉ ካልመጣ ያለው የለም።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ማን ምን እንደማይበላ ማወቅ ነው። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ በክርስቲያን የታረደ አይበሉም፣ ይህን ለማንም ማስረዳት አያሻም። ግን ብዙ ቤት የሚሠራው "እነሱ ሰላጣ ይበላሉ" ብሎ መተው ነው፣ ደስ አይልም። አሳ ጥብስ ወይም ጥሩ ሽሮና ምስር ለብቻ፣ ሥጋ ባልነካው ድስትና ማማሰያ ሠርታችሁ አስቀምጡ፣ ሲገቡም "ይሄ የእናንተ ነው፣ ድስቱም ለብቻው ነው" በሏቸው። ጨጓራ ያለባቸው እናትና አባት ካሉ ደግሞ በርበሬ የሌለው አልጫ ትንሽ ድስት ጣዱ። ለ55 ቀን ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ ቀይ ዶሮ ማውረድ ለወጣትም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ከመፈሰክ በፊት ተልባ የሚጠጣው። እናንተም ለምሳው አንድ ጆግ በጥብጣችሁ ብታስቀምጡ የሚያመሰግናችሁ አይጠፋም።

አሁን ወደ ስልኩ። ስትጠሯቸው ሁሉም "ምን ይዤ ልምጣ?" ይላል። እኛ ደግሞ አፋችን የለመደው "ኧረ ምንም፣ ራሳችሁን ብቻ!" ነው። ከዚያ አራት ሰው አራት ሣጥን ለስላሳ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ መልስ ይኑራችሁ። "ድፎ ዳቦ አንቺ ጋግሪልኝ፣ ያንቺን የሚያክል የለም።" "አንተ ጠጅ ካወቅከው ቤት አምጣ።" "እናንተ በረዶና ውሃ።" ሰው የተወሰነ ነገር ሲሰጠው ደስ ይለዋል፣ ምን ልግዛ እያለ አይጨነቅም። ለሽማግሌዎቹ ግን አትዘዙ። እነሱ ምርቃት ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ይበቃል።

ምን ይሠራል?

የእኔ ዝርዝር ይህ ነው፦ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ጥብስ፣ ድፎ ዳቦ። በቃ። ክትፎ ከወደዳችሁ ጥብሱን ትታችሁ ክትፎ አድርጉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ዱለት የሚያምራችሁ ሌሊቱን ብሉት፣ ለምሳ እንግዳ ዱለት መሥራት ራስን መቅጣት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወዱ ካሉ ከምታውቁት፣ ምርመራ ካለፈ ሥጋ ይሁን፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ግን በደንብ የበሰለውን ብቻ ስጡ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ሽንኩርት ግዙ። የበዓሉ ሳምንት ላይ ዋጋው እንደሚወጣ ለማንም አዲስ አይደለም፣ ያውም የሚቀርላችሁ ሌላው መርጦ የተወውና የረጠበው ነው። ለአንድ ዶሮ ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ያዙ። ደረቁን፣ አንገቱ የጠበቀውን ምረጡ። በላስቲክ አስራችሁ አታስቀምጡት፣ ይበሰብሳል። ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በቅርጫት ወይም በጆንያ ዘርጉት።

ቅቤውንም አሁን አንጥሩ። ለዶሮው ከ250 እስከ 300 ግራም ንጥር ይበቃል፣ ለጎመንና ለአይብ ትንሽ ጨምሩበት። ጥሬ ቅቤ ሲነጠር ስለሚቀንስ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ብትገዙ ልክ ይሆናል። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። አረፋው ሲወርድና ከላዩ ጥርት ሲል አውርዱ፣ አጥሉት፣ በጠርሙስ ዝጉት። በጾም ቅቤ ማንጠር የማይወድ ሰው አለ፣ ሽታው ይፈትናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ቅዳሜ ማታ ከማንጠር ይሻላል።

እንጀራ የምታዘዙ ከሆነ ዛሬውኑ ስልክ ደውሉ። ለሰው አንድ ተኩል ሒሳብ በቂ ነው፣ ስለ ሌሊቱ አትርሱ። ራሳችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ቅዳሜን አትጠብቁ። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣድ ይጥዳል፣ መብራቱ ወይ ይሄዳል ወይ ኃይሉ ወርዶ ምጣዱ አልግል ይላል። ሐሙስ የተጋገረ የጤፍ እንጀራ እሑድ ምንም አይሆንም። ሲጋገር ግን ትኩሱን አትደራርቡት፣ በረድ ካለ በኋላ ነው።

ቦታም አሁን አስቡ። ፋሲካ ቀኑ አይረጋም፤ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፣ የ2018ቱ ሚያዝያ 4 ነው፣ የ2019ኙ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 24 ይገፋል። በዚህ ወቅት አዲስ አበባም ሆነ ብዙ ቦታ የበልግ ዝናብ ድንገት ይመጣል፣ ያውም ከሰዓት። ግቢ ውስጥ ልታስቀምጡ ካሰባችሁ ሸራ ይኑር፣ ወይም ሁሉንም ወደ ሳሎን የሚያስገባ ሁለተኛ አቀማመጥ አስቡ። ወንበር አትግዙ፤ ጎረቤት ጋ አለ። የቱ ወንበር የማን እንደሆነ እንዳይምታታ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፉበት።

ረቡዕ፣ የቁሌቱ ቀን

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው። ዶሮ ወጥ የሚያደክመው በዶሮው ሳይሆን በሽንኩርቱ ነው፣ ሽንኩርቱ ደግሞ እሑድንም ቅዳሜንም አይጠብቅም። ቁሌቱን ያለ ቅቤ ረቡዕ ሠርታችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ቅዳሜ የሚቀራችሁ ሥራ ግማሽ አይሞላም። በጾም ስለተሠራ ደግሞ መቅመስ ትችላላችሁ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱን ቅዳሜ ላይ ታዩታላችሁ።

ሽንኩርቱ ድቅቅ ብሎ ይከተፍ። በእጅ ብትከትፉት ይመረጣል፣ ግን የሚከትፍ ማሽን ካላችሁ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አቁሙት። ጁስ መፍጫ ውስጥ ግን አትክተቱት። ውሃ ይሆናል፣ ያ ውሃ እስኪመጥ ትመሻላችሁ፣ ወጡም ያንን ስብስብ ያለ መልክ አያገኝም።

ደረቅ ድስት ጣዱ። ዘይት የለም፣ ውሃም የለም። ሽንኩርቱን ጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉ። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፣ ይንጣጣል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ቀስ እያለ ይመጣል፣ ይሟሽሻል። ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል፣ ድምፁም ይለወጣል፣ ሹክሹክታ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ድስቱን ትቶ ስልክ ማንሣት የለም። ሲይዝባችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉና ከሥሩ ፋቁት፤ ያ የተፋቀው ነው ቀለሙን የሚሰጠው። ቡናማ እስኪሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እሳቱ በዝቷል፣ ቀንሱ። የተቃጠለ ሽንኩርት በምንም አይታረምም።

በርበሬውን ጨምሩ፤ ለዚህ ሽንኩርት 200 ግራም ገደማ፣ እንደ በርበሬው ኃይልና እንደ ቤታችሁ ልማድ። ሙቅ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየሰጣችሁ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ቢያንስ 45 ደቂቃ አብስሉት። መብሰሉን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው፣ የሚያስነጥሰው ሽታ ሲጠፋ ደርሷል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይውረድ። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በክዳን ፍሪጅ ውስጥ። ከረቡዕ ቀድማችሁ ከሠራችሁት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

ይህንን በሁለት ሰው ሥሩት። አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ያማስላል። ባል ካለ ማማሰል ይችላል፣ ክንድ አለው።

ሐሙስ ጉልባኑን ብሉ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ወጥ ቤቱን ዝጉት። ከስግደት በኋላ ማንም ለመክተፍ አቅም የለውም።

ቅዳሜ፣ ዶሮው

ዶሮዋን ስትገዙ ከላባው ይልቅ እጃችሁን እመኑ። ደረቷን ዳብሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ሥጋ የላትም። ዓይኗ የነቃ፣ ኩክኒዋ የቀላ ትሁን። ከመታረዷ በፊት በሩን ዝጉ ብዬ ልምከር አልምከር አላውቅም፣ ግን በየሰፈሩ የበዓል ዋዜማ ዶሮ የሚያሳድድ ሰው አይጠፋም።

ማጽዳቱን አታሳጥሩት። ከተበለተ በኋላ በሎሚና በጨው አሽታችሁ እጠቡ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሙ፣ ከዚያ ሎሚ በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ብልቶቹን በቢላ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ፣ ቁሌቱ እንዲገባቸው። ጥሬ ዶሮ የነካውን ቢላና መክተፊያ ጎመን ሳትከትፉበት በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ።

አሁን ቁሌቱን አሙቁ፣ ንጥር ቅቤውን ጨምሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይዋሐድ። ከዚያ ብልቶቹ ይግቡ። የሐበሻ ዶሮ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የፈረንጅ ዶሮ 40 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፣ ካለፈ ከአጥንቱ ይለያይና ብልቱን መቁጠር አትችሉም። ሊወጣ ሲል ኮረሪማና መከለሻ፣ ከዚያ የተቀቀለው እንቁላል። እንቁላሉን በቢላ ጫፍ አራት ቦታ ጫር አድርጉት።

ጨው ላይ ችግር አለ። ቅዳሜው ቀዳም ሥዑር ነው፣ ማንም አይቀምስም፣ ከዓርብ ጀምሮ ያከፈለም ቤት ውስጥ ይኖራል። ድስቱ ውስጥ ደግሞ ቅቤና ዶሮ ገብቷል። አያቶች በሽታ ያውቁታል ይባላል፤ እኛ አያቶች አይደለንም። ስለዚህ ጨዉን ጎደል አድርጋችሁ ተዉት፣ ሌሊት ስትፈስኩ ቀምሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ጎደሎ ጨው ይሞላል፣ የበዛ ግን ምን ይደረጋል? ጾም ያልጀመረ ሕፃን ካላችሁ የዛሬው ዋና ቀማሽ እሱ ነው፣ ሹመቱን ንገሩት።

ጎመኑን ዛሬ በደረቁ አብስላችሁ አስቀምጡ፣ ቅቤው እሑድ ይገባል። አይብ ግዙ፤ ውሃው የተንጠፈጠፈ፣ ያልኮመጠጠ። ፈንዲሻ፣ ቡና፣ ስኳር፣ ቄጤማ፣ ከሰል፣ ሶፍት፣ ክብሪት። ጀሪካኖቹን ውሃ ሙሉ። ሲሊንደር ጋዝ ካላችሁ መኖሩን ነቅንቃችሁ እዩ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችሁ በፊት ወጡን ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ ሌሊት የምትፈስኩበት (ከምሳው ቁጥር የተረፈው ብልትና ትንሽ ቁሌት) እና ለምሳ የሚቀመጠው። ትልቁን ድስት በሙሉ ሌሊት አሙቃችሁ፣ ጠዋት አሙቃችሁ፣ ምሳ ላይ ደግማችሁ ስታሞቁት ብልቱ ይፈራርሳል። የምሳው በሰፊና ዝቅ ባለ ዕቃ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ። ትኩስ ሙሉ ድስት ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁ ሆዱ ሳይቀዝቅዝ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ማሳደር ግን የለም።

እሑድ

ተኙ። እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ተኙ፣ ሥራው አልቋል።

5 ሰዓት ላይ ቤት ይጠረግ፣ ቄጤማ ይጎዝጎዝ። 7 ሰዓት ላይ ወጡ በዝቅተኛ እሳት ይጣድ፣ መሐሉ እስኪፍለቀለቅ በደንብ ይሙቅ። ብልቶቹን በጭልፋ አትወዝውዙ፣ ድስቱን ይዛችሁ አወዛውዙት።

ጥብሱን ለአንድ ሰው ስጡትና እናንተ ውጡበት። ቅርጫ የገባችሁ ከሆነ ሥጋው ጠዋት ይደርሳል፤ ያመጣው ሰው ይክተፈው፣ የከተፈው ሰው ይጥበሰው። አማች ይሁን የአክስት ልጅ፣ ሸክላውንና ከሰሉን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ጥብስ ሲደርስ እንጂ ተሠርቶ ሲጠብቅ አይጥምም፣ ስለዚህ ሰው ዶሮውን ጨርሶ እጁን ሲያሳርፍ ይጀምር። ከሰሉ ግን ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይቅር። ዝናብ መጣ ተብሎ የተያያዘ ከሰል ዝግ ክፍል ውስጥ ማስገባት ሰው ይገድላል፣ ጢሱ ባይታይም። ለቡናውም ተጠንቀቁ፤ መስኮት ይከፈት።

አሁን ወደ ማዕዱ። ቡፌ አልወድም። በፋሲካ ሰው ሳህን ይዞ ሲሰለፍ የቢሮ ስብሰባ ይመስላል። አምስት ስድስት ሰው በአንድ መሶብ ወይም በአንድ ሰፊ ትሪ፣ ሁለት ቦታ። ግን ዋናው እዚህ ጋ ነው፤ አስተናጋጇን ከመቀመጫዋ የሚያስነሱት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ሁልጊዜም እነዚያው ናቸው። ተጨማሪ እንጀራ፣ ውሃ፣ ሶፍት፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ ሚጥሚጣና ጨው፣ የአጥንት ማስቀመጫ። ስድስቱንም በየማዕዱ አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። እንጀራው በአገልግል ወይም በክዳን ሰሃን ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ "መክፈቻው የት ነው?" የሚል ሰው ካለ በጣታችሁ አሳዩት፣ አትነሡ።

እጅ ይታጠባል። ከማስታጠቢያ ጋር ልጆቹን አሰልፉ፣ ይወዱታል። በዕድሜ ከፍ ያለው ወይም ከፍ ያለችው ድፎውን ባርከው ይቁረሱ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ምርቃቱ ቢረዝምም ይርዘም። ወጡን እናንተው ቆማችሁ በጭልፋ አውጡ፣ ይህ የእናንተ ክብር ነው፤ ፈረሰኛውን ለትልቅ ሰው፣ መላላጫውን የምታውቁት ለሚወደው፣ ለእያንዳንዱ አንድ እንቁላል፣ ከጎኑ አይብ። ሁለቱም ማዕድ ሲሞላ ድስቱን ክደኑና ተቀመጡ። በቃ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጉርሻ ለእናንተ ቢሆን ማን ይከለክላል?

"ብሉ እንጂ፣ ምን በላችሁ?" ማለት ያለ ነው፣ ያለሱ የኛ ግብዣ አይሆንም። ግን ሁለቴ ይበቃል። ሰውየው ሌሊት የበላውን እያሰበ ነው።

መጠጡ ላይ ብዙ አልልም። ጠላ ካላችሁ ጠላ፣ ጠጅ ካመጣላችሁ ጠጅ፣ ለልጆችና ለማይጠጡ ብርዝ ወይም ለስላሳ። የሚያሽከረክር ሰው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ዕወቁና የሱን ብርጭቆ አትሙሉ። "በበዓል አንዲት ምን ታደርጋለች" የሚለውን ሰው አትስሙት።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር። ከሱቅ የተገዛ ዶሮ ቆዳውን ገፋችሁ እናንተው 12 አድርጋችሁ በልቱት፣ የተከፋፈለውን ከገዛችሁ ሁሉም ታፋ ይሆናል፣ ፈረሰኛ የት ታገኛላችሁ? የጎረቤት ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከኛ ስለሚቀድም የኛ ቀን ላይ ሱቆቹ ክፍት ናቸው፣ ያ ምቾት ነው። ዕጣን ስታጨሱ ደግሞ የጢስ ማስጠንቀቂያው ከየት እንደተሰቀለ አስቀድማችሁ እዩ። አፓርታማ ሙሉ ሰው በነጠላ ደረጃ ላይ ሲወርድ ማየት ያስቃል፣ ግን ቡናው ይቀዘቅዛል።

ቡናና ማጽዳት

ቡናውን የሚያፈላ ሰው ከሳምንት በፊት ለምኑ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ያን ያህል ሰዓት ከረከቦት ጀርባ ለመቀመጥ የምትወድ ሰው በየቤተሰቡ አትጠፋም። ቡናው ሲቆላ ሌሎቹ ማዕዱን ያንሡ። ሳህኖቹን አትጠቡ፣ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፉ ብቻ። እንግዳ ተቀምጦ ዕቃ የሚያጥብ ሰው እንግዳውን ሂድ የሚል ይመስላል።

ሰኞ ሥራ ነው፣ በዓል የሚዘጋው እሑድን ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ሰው ሲነሣ አጥብቃችሁ አትያዙ። በሩ ላይ ድፎ ዳቦና ቁራሽ ጥብስ ጠቅልላችሁ ስጡ፣ በተለይ ልጅ ላላቸውና ብቻቸውን ለሚኖሩ። ዕቃው እንዲመለስ ካልፈለጋችሁ በፎይል ይሁን። ከፈለጋችሁ በምርጥ ሳህናችሁ ስጡ፣ ለዳግማ ይዘውት ይመጣሉ።

የተረፈው ወጥ ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ፣ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ረቡዕ መጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ከዚያ በላይ ለማቆየት ካሰባችሁ እንቁላሎቹን አውጥታችሁ ብሉና ወጡን ብቻ ፍሪዘር አስገቡ፣ እንቁላል ሲፈታ ላስቲክ ይሆናል።